ለዓሣ የቀረበ በሶ

ቆየት ያለውን ሱቄን ላሳምር ብዬ ሁለት የባሕር ዓሣ በጨው ውሃ ማስቀመጤ የሁለት ሙክት ዋጋና አንዲት ጎረቤት አስከፍሎኛል።

ሰው ሳይበላ ሲቀመጥ ማየት የማይችሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከነዚያ ናቸው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ "በሞቴ ብላ" የሚሉት ሰው አጥተው ሱቄ ይውሉ ነበር።

ዓሦቹን የሸጠልኝ ሰው አስጠንቅቆኝ ነበር። በአዲስ ገንዳ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ መርዙን የሚያጠፉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እስኪበዙ ድረስ ዓሣ የሚመገበው በቁንጥር ነው።

ሱቁን ለእትዬ አስካለ አደራ ብዬ፣ ዕቃ ላመጣ ደብረ ብርሃን ደርሼ ስመለስ ውሃው ደፍርሷል። ከውሃው ቀድቼ የአሞኒያ መመርመሪያውን ጠብ ባደርግበት ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ መርዙ በዝቷል ማለት ነው። ዓሦቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ተንሳፍፈዋል።

"እትዬ፣ ምን ሰጧቸው?"

"በሶ ነዋ! አንተ ጨካኝ፣ እንግዳ በቁንጥር ይመገባል? ዘግይቼባቸው በረሃብ ሞቱ እንጂ ይተርፉ ነበር!" ብለው አለቀሱ።

እውነቱን ልንገራቸው? ከዚያ በኋላ በየትኛው እጃቸው ለሰው ያቀርባሉ? እውነቱን ለራሴ ይዤ የሞቱትን ዓሦች አወጣሁ። እሳቸውም እንግዳ ከሚያስርብ ቤት አልገባም ብለው ቀሩ።

ዛሬ ውሃውን መረመርኩት። አሞኒያ የለም። ዓሣ የለም። እትዬ አስካለም የሉም።