ክኒን በቢራ የዋጡት ጋሽ ሐኪም

ሐኪም የማይደርስበት ሰፈር ሞልቷል፤ ሳይጠየቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የኛ ማተሚያ ቤት ይህን ጸጋ ያገኘው በጥራዝ ክፍሉ አለቃ በኩል ነው። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሲቆርጡና ሙጫ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስም አላቸው፤ የሚጠራቸው ግን የለም። ሁላችንም ጋሽ ሐኪም እንላቸዋለን፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ።

ጋሽ ሐኪም ፊት ማዛጋት አደጋ ነው። ወገቤን ያለውን ጫማ ያስወልቁታል፤ ራሴን ያለውን የትራሱን ከፍታ ይጠይቁታል። አንዴ የማሽን ሠራተኛው ጣቱን ተቆርጦ ደሙ ሲንጠባጠብ፣ እሳቸው ቁርስ በልቶ እንደሆነ ይመረምሩት ነበር። የሐኪም ማዘዣ ያሳያቸው ሰው ካለ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ወረቀት እንደሆን እኛም ጋ ሞልቷል» ይላሉ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። የመድኃኒት መግለጫ ሦስቴ ሳላነብ አልውጥም። እሳቸው ሲመክሩ ሌላው ይስቃል፤ እኔ እሰጋለሁ።

ባለፈው ጥርሳቸው መግል ቋጠረና ጉንጫቸው አበጠ። በራሳቸው ሕክምና ሦስት ቀን ከታገሉ በኋላ የጥርስ ሐኪም ጋ ጎትቼ ወሰድኳቸው። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። የፋርማሲዋ ባለሙያ ሰባቱን ቀን እንዳያቋርጡ ነገረቻቸውና አንደኛውን ፓኮ በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ይሄን ሲወስዱ፣ ከጨረሱም በኋላ ሦስት ቀን እስኪሞላ አልኮል እንዳይቀምሱ አስጠነቀቀቻቸው። ጋሽ ሐኪም በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከበሩ እንደወጣን ግን ልጅቷ ገና ጀማሪ መሆኗን ነገሩኝ።

በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፍቶ ነበር። የዚያን ዕለት አራሚያችን ጡረታ ስለወጣ በወረቀት መጋዘኑ ውስጥ የስንብት ምሳ ተዘጋጀ። ቢራም ነበር። ጋሽ ሐኪም ምሳቸውን በልተው ክኒናቸውን ከኪሳቸው አወጡና ብርጭቆ አነሱ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ አልነበረም።

ጠጋ ብዬ ፋርማሲስቷ ያለችውን በጆሯቸው አስታወስኳቸው። እሳቸው ግን ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ውኃም እርጥብ፣ ቢራም እርጥብ፤ ጨጓራ ምኑን ይለያል?» አሉና ዋጡት። መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። አፍሬ እኔም ሳቅኩ። ያቺን ሳቄን እስከዛሬ አልወዳትም።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ንግግር አልሰማሁም፤ ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር። ሁለተኛውን ቢራ ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ ጆሯቸው ቀላ፤ ከዚያ አንገታቸው፣ ከዚያ ፊታቸው በሙሉ። መሀረብ አውጥተው ላባቸውን ጠረጉና ሙቀቱን ወቀሱ። ወዲያው ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ስደርስ ግድግዳውን ተደግፈው ያስመልሳሉ፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«ልጄ፣ ልቤ ልትወጣ ነው» አሉኝ በቀስታ።

ክሊኒክ ልወስዳቸው ታክሲ ውስጥ አስገባኋቸው። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። እጄን ይዘው ለባለቤታቸው እንዳልደውል ለመኑኝ፤ እሷ ካወቀች መኖሪያ የለኝም አሉ። የትራፊክ መብራት ጋ ቆምን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ደውልላት» አሉኝ። ከቅላቱም፣ ከላቡም፣ ከትውኪያውም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ቃል ነው። ቁጥራቸውን ፈልጌ ደወልኩላቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ምን እንደወሰዱ ጠየቀቻቸው። ለሰው ሁሉ መልስ የነበራቸው ሰው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ መሳቄን ጭምር። ልባቸውን በመሣሪያ አየች፣ ግሉኮስ ሰካችላቸው፣ ለሰዓታት ተኝተው እንዲቆዩ አደረገች። ባለቤታቸው መጥተው እግራቸው ሥር ተቀመጡ፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ያ ደግሞ ጋሽ ሐኪምን ይበልጥ አስፈራቸው።

የልብ ምታቸው ሲረጋጋ ሐኪሟ አስረዳቻቸው። እንዲህ የሚያደርገው አንቲባዮቲክ ሁሉ አይደለም፤ ከሁለቱ አንደኛው ግን ከአልኮል ጋር ሊጣላ ይችላል፤ ማንን እንደሚያሳምም ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መገመት ሳይሆን መጠየቅ ነው። ቀሪውን ክኒን በውኃ ይጨርሱ አለቻቸው። ጋሽ ሐኪም ከአፏ ላይ ቃል እንዳይወድቅባቸው የፈሩ ይመስል አንገታቸውን አስግገው ሰሟት።

ሥራ ሲመለሱ ምክር ተዉ። አንዱ ወገቤን ሲል ሙጫቸውን ይቀባሉ፤ ሌላው ራሴን ሲል ወረቀታቸውን ይደረድራሉ። የጥራዝ ክፍሉ የማሽን ድምፅ ብቻ ቀረው። እፎይ ማለት ሲገባኝ ቅር ይለኝ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን አልቻልኩም፤ አጠገባቸው ቆሜ ሆን ብዬ ሳልኩ። አልሰሙም። ደግሜ ጠንከር አድርጌ ሳልኩ።

ብሩሹን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። ሊመክሩኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ከዚያ መደረቢያቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሱ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ። ብቻህን አትሄድም።»

ምንም እንዳላመመኝ ልነግራቸው ነበር፤ ግን በሩን ከፍተውልኝ ቆመዋል። ጤነኛው እኔ ካርድ አውጥቼ፣ ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎናቸው ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅኩ።