ያልተሻሩት ገኔ ሐጂራ

መሬትና ቤት በአዋጅ ይወሰዳል እንጂ እመቤትነት አይወሰድም። በዚያ በደርግ ዘመን በየቀበሌው አንዲት ተሽራ ያልተሻረች ሴት ነበረች፤ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆማ ሰልፈኛው ሁሉ አጃቢዋ የሚመስላት። የእኛ የጅማው አወቱ መንደራ ቀበሌ እመቤት ገኔ ሐጂራ ነበሩ። «ገኔ» በድሮው የጅማ ባላባት ቤት የእመቤት ማዕረግ ነው። አብዮቱ ማዕረጉን ሽሮ «ጓድ ሐጂራ» አሰኛቸው። እርሳቸው ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

ለሊሙ ባላባት የተሰጡት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱ ቤቶች በቡና መሬት ደም ተቃብተው ነበርና። «እኔ ሙሽራ አልነበርኩም፤ እርቅ ነበርኩ» ይላሉ። ባላቸው ሲታሰር ደጅ የጠኑት፣ ቡናውን ያስለቀሙት፣ ዳኛ ፊት ቆመው የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለእርሳቸው ፖለቲካ ማለት ማን ከማን ተጋባ ነው። መሠረተ ትምህርት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፊደል ስንቆጥር እንኳ «ይቺ የዚያችኛዋ ታናሽ ናት» እያሉ ቤተሰብ ያደርጉት ነበር።

አንድ ቀን ካድሬው ስለ ሌኒን ሲያስረዳን እጃቸውን አወጡ። «ማን ወለደው? በእናቱስ በኩል የማን ነው?»

ሰው ሳቁን ዋጠ። በዚያ ሰሞን ከዚህ ባነሰ ቃል የጠፉ ነበሩ።

«ኧረ ያስፈጁናል!» ብዬ ብቆነጥጣቸው፣ «ሶረቲ፣ ዘር መጠየቅ ስድብ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ፍርሃቱ ወደ እኔ ቤት መጣ። የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ቲጃኒ የልጅ ልጄን መድናን ለሚስትነት ፈለጋት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ በወለደች በሳምንቷ ሞታ በላም ወተት ያሳደግኋት ልጅ ናት። «እስከ ዓርብ መልስ ስጡኝ፤ እምቢ ያለ ቤት ይፈተሻል» ብሎ ላከብኝ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ከተፈተሸው ቤት የተወሰደው ሰው፣ የተመለሰው ልብሱ ብቻ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። መድና ጓዳ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ገኔ ሐጂራ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ሳይጠሩ ገቡ።

«አንተ የዘይቡ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ገኔ» አለና ከንፈሩን ነከሰ። ማዕረጉ አምልጦት ነው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ! እናትህን አላህ ይርሐማትና፣ ወባ ጥሏት ጡቷ ሲደርቅ ማን እንዳጠባህ ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም።»

«እኔ ነኝ። ይህችንም መድናን እናቷ ስትሞት ያጠባኋት እኔ ነኝ። የጡት እህትህን ልታገባ ነው? ሐራም አይደለም?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ ይበሉ!»

ገኔ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። «ወላሂ፣ ከዚህ ጡት ጠብተሃል!»

ወደ እኔ ዞረ። «አዴ ሶረቲ፣ እውነት ነው?»

መድናን በወተቷ ያሳደገችው ላም በዓይኔ ላይ ዞረች። ራሴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ጠመንጃውን ሲያነሳ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ የገኔን ጉልበት ስሞ እየወጣ ነበር።

«ገኔ» አልኳቸው በሩ ሲዘጋ፣ «በአላህ ስም በሐሰት ማሉ?»

«እሱን አጥብቼዋለሁ፤ ስለ እሱ ማልኩ። ስለ መድና አልማልኩም፤ እሱም ለይቶ አልጠየቀኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አርባ ቀን ያጠባሁትን ልጅ ዛሬ አታለልኩት።»

ውጭ የእግር ኮቴ ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም በሩን እናያለን። ቆይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ ልጄ ነው፤ ሚስት መፈለግ የእኔ ፈንታ ነው። ሊሙ ገነት ከተማ አንዲት ልጅ አውቃለሁ።»

«ምስኪን! ለዚህ ሰው?»

«የምን ምስኪን? አባቷ ሻምበል ነው። አምስት ወንድሞች አሏት፤ አምስቱም የታጠቁ። እዚያ ቤት ፈሪው እሱ ነው።»

ልስቅ ብል ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እጃቸውን ያዝኩ። መድና ከጓዳ ወጥታ በመካከላችን እስክትቀመጥ ድረስ አለቀቅኩትም።