የትንሿ ቢላ ጠቅላላ ጉባኤ

በሚኒሶታ፣ በትንሿ ከተማችን የሚገኘው የሉተራን ቤተክርስቲያን ብዙ ታላላቅ ጉዳዮችን መርምሮ ውሳኔ አሳልፏል። የምንጣፉን ቀለም እንኳ በሁለት ክረምት ብቻ መርጧል። ስለዚህ የወጥ ቤታችን ትንሿ ቢላ ከእጀታዋ ተነቅላ ባረፈች ጊዜ፣ ሱቅ ሄዶ ሌላ መግዛት ለእኛ ዓይነቱ ማኅበር የማይመጥን ችኮላ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ስመረጥ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ደስታዬን መቻል አቃተኝ።

የቸኮለችው የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቬርና ብቻ ናት። ቅዳሜ ለመኸር እራት የሚቀርበው፣ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው የፖም ፓይ በእሷ ላይ የተጣለ ነበር። ፖሙ ካልተላጠ የሱቅ ፓይ ሊቀርብ ነው፤ የሱቅ ፓይ ያቀረበች ሴት ደግሞ በእኛ ከተማ ቀና ብላ አትሄድም።

ሁለት ምእመናን ቢላ ለግሰው ነበር፤ አርዲስ ባለ እንጨት እጀታውን፣ ዶና ባለ አበባ ሥዕሉን። ሁለቱም ሴቶች እዚያው ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠዋል። በእኛ አገር ደግሞ በሰጪው ፊት “መጥፎ ነው” አይባልም፤ “ለየት ያለ ነው” ይባላል። ንጽጽሩም በዚሁ ክርስቲያናዊ መንፈስ ተጀመረ።

የአርዲስ ቢላ ቲማቲም ላይ አረፈ። ቲማቲሙ አልተቆረጠም፤ ፈነዳ። የፓስተር አርለን ነጭ ኮሌታ ቀላ።

“ጭማቂ ሲያወጣ ግን ጎበዝ ነው” አሉ ፓስተሩ፣ አንገታቸውን እየጠረጉ።

“ለየት ያለ ነው” አለች ዶና።

የዶና ቢላ በተራው ፖም ላጠ። ልጣጩ ሲነሳ ፖሙም አብሮ ሄደ።

“ልጣጩን ለሚበሉት አሳማዎች እንዴት ደግ ነው!” አለች አርዲስ።

“እኔ የምጋግረው ለአሳማ ነው እንዴ?” ጮኸች ቬርና። “በሉ አንዱን ስጡኝና ልሂድ! የፈለገው ይሁን!” የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

“እህት ቬርና፣ ተቻኩለን ሰው እንዳናስቀይም” አሉ ፓስተሩ፤ ጉባኤውም ለቡና ተነሳ።

ከቡናው ጋር የቀረበው ኬክ እንደ ሁልጊዜው አንድ ቁራሽ እስኪቀር ተበላ። የመጨረሻውን ቁራሽ ሙሉውን የሚያነሳ ሰው ከእኛ ዘንድ ገና አልተወለደም። ወጉ ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ለሌላ መተው ነው፤ ያም ሌላ እንዲሁ ያደርጋል። ፓስተሩ በአርዲስ ልግስና ቢቆርጡት ኬኩ ተደፈጠጠ። በዶና ልግስና ቢሞክሩ ሳህኑ ሸሸ።

“ኧረ እንዲህማ አይሆንም!” አለች አርዲስ፣ ሳታስበው እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰድዳ። ዶናም እኩል ሰደደች። ሁለቱም ትንሽ፣ ስስ፣ ስለቷ የሚያብለጨልጭ ቢላ መዘዙ። የአርዲስ ቢላ ቁራሹን ያለ ፍርፋሪ ለሁለት ከፈለችው፤ የዶና ደግሞ ግማሹን ለሁለት። ስንት ነገር አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አቆራረጥ ግን አላየሁም።

ቬርና አፏን ከፍታ ቀረች። “እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?”

“የየቤታችን ናቸዋ!” አለች አርዲስ። “እራት ባለ ቁጥር ይዣት ነው የምመጣው። የቤተክርስቲያን ቢላ መቼ ቆርጦ ያውቃል?”

“ታዲያ ይቺን ለምን አልሰጣችሁም?”

ሁለቱ ተያዩ። ዶና የቬርናን ትከሻ በርኅራኄ ዳበስ አደረገች።

“ቬርናዬ፣ ይቺ እኮ ትቆርጣለች።”

ቢላዎቹ ወደ ቦርሳ ተመለሱ፤ ቦርሳዎቹም ተዘጉ። ፓስተሩ ጉዳዩ ከሰው አቅም በላይ መሆኑን ተረድተው “እንጸልይ” አሉ። ሴቶቹ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እቅፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቬርና ብቻ አልጨፈነችም።

“የሚጎድለንን የምታውቅ ጌታ ሆይ፣ ይህን ድሀ ወጥ ቤት አስበው፤ እስከ ቅዳሜ አንዲት ስለታም ቢላ ላክልን።”

“አሜን!” አሉ አርዲስና ዶና፣ ከሁላችንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።