በስሜ የተመረመረው አፍንጫ

እኛ ሰዎች በር ላይ ጊዜ እንፈጃለን። አላስተዋላችሁም? እኔ ከማንም በላይ አስተውያለሁ፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የከተማ ባቡር ነድቻለሁ። አንድ ቀን ኖርድቬስትሽታት ጣቢያ ላይ ሁለት አበሾች በሩ ተከፍቶላቸው «ግባ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ በመስታወቱ አየኋቸው። ትንሽ ጠበቅኩ። አሁንም ይባባላሉ። የባቡር ሰዓት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ በሩን ዘግቼ እዚያው ትቻቸው ሄድኩ። ሁለቱም ቆመው ይስቃሉ። የሚቀጥለውም ባቡር ሳያመልጣቸው አልቀረም።

ያን ቀን በሆዴ «መቼ ነው የምንሠለጥነው?» ብያለሁ። ይህን ያልኩት ሰውዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ስሙኝማ።

ልጄ ሳራ ለጡረታዬ ብላ ለእኔና ለባለቤቴ ለፀሐይ የመርከብ ሽርሽር ሰጠችን። ኮሮና ሁለት ጊዜ አስተላለፈው። በሦስተኛው ሊሳካ ሲል ሳራ ወንድ ልጅ ወለደች። ፀሐይ «አራስ ጥዬ ባሕር ላይ አልንሳፈፍም» ብላ ነበር፤ ሳራ ግን በጀርመንኛ «ሂዱልኝ፣ ትንሽ ልረፍ» አለችን። አስተናጋጅ የምትመስለው አራስ ጠያቂ በዝቶባት ነበር መሰለኝ፣ እውነቷን ነው። ሄድን። እዚያው ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ታደሰም አብረውን መጡ። ጋሽ ታደሰ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፤ ድሮ ጀርመን እንደመጣሁ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ሩዝ መቀቀል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጄ የክርስትና አባት እንዲሆኑም ለምነናቸው እሺ ብለውናል። ክርስትናው በአርባኛው ቀን፣ እሑድ ነው። እኛ የምንመለሰው ዐርብ። ልብ በሉ፣ በመካከል ያለችው ቅዳሜ ብቻ ናት።

ሽርሽሩን አልተርክላችሁም። ውሃ ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል። ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ያኔ ሕጉ ግልጽ ነበር፤ «ኔጋቲቭ» የሚል ወረቀት ያልያዘ ሰው አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መርከቡ ውስጥ ባለው የቲያትር አዳራሽ ሁላችንንም አሰለፉን። ስም የተለጠፈባቸው ብልቃጦች በክፍላችን ቁጥር ተራ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሰው ብዙ ስለሆነ ነርሷ ስም አትጠይቅም፤ የቆምክበት ቦታ ስምህ ነው። በድምፅ ማጉያ «እባካችሁ ተራችሁን አትልቀቁ» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተነገረ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። እንዲያውም ለፀሐይ «ሥርዓት ማለት ይሄ ነው» ብያታለሁ።

ፀሐይ ተራዋ ሲደርስ ዝም ብላ ሄዳ፣ አፍንጫዋን ሰጥታ፣ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ዞር ስል ጋሽ ታደሰ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላዬ ቆመዋል። እንዴት አድርጌ ልቅደም? «ጋሼ፣ ይቅደሙ» አልኳቸው። «ተው እንጂ፣ ተራው ያንተ ነው» አሉ። አይሆንም አልኩ። እሳቸውም አይሆንም አሉ። እጄን ይዘው ወደ ፊት ይገፉኛል፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ፊት እስባቸዋለሁ። ነርሷ ጥጧን እንደያዘች ቆማለች። ከኋላ ማጉረምረም ሲጀመር አፈርኩና ዞር ብዬ በጀርመንኛ አንድ ሁለት የትሕትና ቃል ጣል አደረግኩ። እንደምንም ተመርምረን ወጣን።

ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ስልክ ተደወለ። የመርከቡ ሐኪም ናት። በስሜ ያለው ብልቃጥ ፖዚቲቭ ነው አለችኝ። ከክፍሌ እንዳልወጣ፤ ነገ ሌላው ወደ አገሩ ሲበር እኔ ወደቡ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አሥር ቀን እንደምቀመጥ ነገረችኝ።

የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ አልኖርም ማለት ነው። አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ግን ወረፋው ትዝ አለኝ። ጋሽ ታደሰን አስቀድሜያቸው የለ? እንግዲያው በስሜ የተመረመረው የሳቸው አፍንጫ ነዋ። ብናገር የክርስትና አባቱ ሊቀሩ ነው። ዝም ብል ደግሞ እሑድ በሽታውን እንደያዙ የአርባ ቀን ሕፃን ሊያቅፉ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ባቡር ስነዳ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልገጠመኝም፤ እዚያ ሐዲዱን የሚያዞረው ሌላ ሰው ነበር።

መልሼ ደወልኩና ነገርኳት። ሐኪሟ እኔን፣ ፀሐይንና ጋሽ ታደሰን ጠርታ አራርቃ አቆመችን። ጋሽ ታደሰ ነገሩን እንደሰሙ «የእኔ ነው፣ በእኔ ላይ ይጻፍ፤ አያት ከክርስትና አይቀርም» አሉ። እውነቱን ልናገር የሄድኩት ሰውዬ አንጀቴ አልችል አለና «ኧረ የእኔ ነው፣ ያለ ክርስትና አባት ምን ክርስትና አለ?» አልኩ። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ እንደሚሻማ ሰው ፖዚቲቭ ተሻማን። ሐኪሟ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ማን ቀድሞ ገባ? እኔ ማስቀደሜን አስታውሳለሁ። እሳቸውም ማስቀደማቸውን ያስታውሳሉ። የቀደመ ሰው ግን የለም።

ፓስፖርታችንን እያየች እንደገና መረመረችን። ሁለታችንም ኔጋቲቭ ሆንን። ታዲያ ያ በሽታ የማን ነው?

ይህን ጊዜ ፀሐይ «ባርኔጣ ያደረጉትስ ሽማግሌ?» አለች። የትኛው ሽማግሌ? «ከጋሼ ጋር ስትጓተት ዞር ብለህ ይለፉ ያልካቸው ናቸዋ።»

ብያለሁ። ግን ለወጉ ነው እንጂ። አበሻ ቢሆኑ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለው ተራዬን ይመልሱልኝ ነበር። እሳቸው ጀርመናዊ ናቸው፤ በቋንቋቸው አመስግነው፣ «ዳንከ» ብለው አልፈው በእኔ ብልቃጥ ተመረመሩ። ፀሐይን ለምን እስካሁን ዝም እንዳለች ብጠይቃት፣ እናንተ ስትሻሙ ማን አስወራኝ አለችኝ።

ሽማግሌው ኬክ ሲበሉ ተገኙ። ሲመረመሩ በሽታው የሳቸው ነው። ደግነቱ ትንሽ ጉሮሯቸውን ከመከርከር በቀር ምንም አላመማቸውም። እኛም ሌላ ወረቀት ተጻፈልን።

ዐርብ ጠዋት ልንወርድ ስንል የሽማግሌው ክፍል በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በተዘጋው በር ውስጥ ሆነው ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከፍራንክፈርት አልኩ። እሳቸውም የእዚያው የፍራንክፈርት፣ የሽቫንሃይም ሰፈር ሰው ኖረዋል። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ስኖር ወረፋ የለቀቁልኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አሉኝ። የውሸቴን ነበር ማለት ከበደኝ። ምንም አይደል ብያቸው ሄድኩ።

አውሮፕላኑ ላይ ለፀሐይ ማልኩላት። ከእንግዲህ ማንም ቢሆን፣ ጳጳስም ቢሆን፣ ተራዬን አልለቅም።

እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጋሽ ታደሰ ነጭ ለብሰው ቆመዋል። «ግባ» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ የክርስትና አባት አይደሉም እንዴ?» «አንተስ አያት አይደለህም?» ፀሐይ ሰዓቷን አየችና ጥላን ገባች። ቀጥላ ሳራ ልጁን ታቅፋ መጣች። ሁለታችንንም አየችን፣ «ዳንከ» አለች፣ በመካከላችን አለፈች። የአርባ ቀኑ ልጅ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀድሞ ገባ፤ አንዴም እምቢ አላለም።

ከባዱ በር ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተዘጋ። እኔና ጋሽ ታደሰ ውጭ ቀርተን ተያየን። ሳቃችን መጣ። እነዚያ ሁለት አበሾች ባቡር አምልጧቸው ለምን ይስቁ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።