ቴርሞሱና የክርስትና አባቱ

(የአንዲት ትንሽ ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከበሩ አጠገብ የድንጋይ የጥምቀት ገንዳ አለ፤ ሁለት ሰዎች ገንዳውን መሃል አድርገው ተፋጠዋል። አንደኛው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የትም ሳይማር ከተማው «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ እሱም ተቃውሞ አያውቅም። ዛሬ የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል። ሁለተኛው የእህቱ ባል፣ የሕፃኗ አባት፣ ዳቦ ጋጋሪው ነው። እሱ አንድ ነገር ሊናገር ሲያስብ ሌላው ሰው ተናግሮ ጨርሶ ቤቱ ይገባል። ኢንጂነሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ውሃው ውስጥ ነክሯል።)

ኢንጂነሩ፦ በረዶ ነው።

ጋጋሪው፦ (ጣቱን ነክሮ) ለእኔ ለብ ያለ ይመስለኛል።

ኢንጂነሩ፦ ያንተ ጣት ሃያ ዓመት ምድጃ ውስጥ የኖረ ጣት ነው። እሳት ቢነካህ «አቃጠለኝ» የሚለው እሳቱ ነው። የሚታመነው ክርን ነው።

ጋጋሪው፦ እርሾ ግን ይነሳበታል።

ኢንጂነሩ፦ የምናስጠምቀው ልጅ ነው ሊጥ?

ጋጋሪው፦ (አሰብ አድርጎ) ልጅ።

ኢንጂነሩ፦ ተመስገን። ልጅቷ ከጉንፋን የተነሳችው ገና ትናንት ነው። እህቴ ደግሞ ያለችውን ሰምተሃል፤ «የውሃውን ነገር ላንተ ጥያለሁ፤ አንዲት ነገር ብትጓደል ክርስትና የሚያነሳት የባሌ ወንድም ነው» ብላኛለች። ወንድምህ ይኸው ኮቱን ለብሶ ውጭ ቆሟል።

ጋጋሪው፦ ክራባትም አድርጓል።

ኢንጂነሩ፦ አይቼዋለሁ።

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ይሄ ገንዳ እኮ...

ኢንጂነሩ፦ ስለ ገንዳ ለእኔ? ባለፈው ወር ከሥሩ ሲያፈስ ማን ነው የጠገነው? ውሃ መውጫውን በሲሚንቶ ጥርቅም አድርጌ ደፍኜዋለሁ። ዓለም ቢያልፍ ጠብ አይልም።

ጋጋሪው፦ እሱማ ጠብ አይልም። እሱን ነው ልልህ የ...

ኢንጂነሩ፦ ይልቅ አባ ልብሳቸውን ለብሰው ሳይወጡ ትምህርቱን ልከልስልህ። አባ «ለልጃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ምን ትለምናላችሁ?» ይሉሃል። ምን ትላለህ?

ጋጋሪው፦ ጤና።

ኢንጂነሩ፦ ጥምቀት!

ጋጋሪው፦ ጤናም ቢጨመርበት ምን አለበት?

ኢንጂነሩ፦ ጥምቀት ብቻ። ያንተ ሥራ ቀላል ነው፤ ሲጠየቁ መመለስ፣ ካልተጠየቁ ዝም።

ጋጋሪው፦ ጭራሽ ዝም?

ኢንጂነሩ፦ ጣሪያው ቢደረመስ እንኳ ካልተጠየቅክ ትንፍሽ እንዳትል።

ጋጋሪው፦ መጠየቅስ ይቻላል?

ኢንጂነሩ፦ (ለጋስ ሆኖ) መጠየቅ ይቻላል።

(ኢንጂነሩ ከግድግዳው ሥር ወዳለው ቅርጫት ሄዶ ሰማያዊ ቴርሞስ ያወጣል። ከማታ ጀምሮ ያሰበበት ነገር ስለሆነ ፊቱ ላይ ኩራት አለ።)

ኢንጂነሩ፦ ይኸውልህ። ሰው የሚባለው እንዲህ አስቀድሞ የሚያስብ ነው። ለእህቴ ማታ ውሃ አፍልታ በቴርሞስ እንድትይዝ ነግሬያት ነበር። ትንሽ ጠብ እናደርግበትና ልጅቷ እንደ ንግሥት ተጠምቃ ትወጣለች።

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ያ ቴርሞስ...

ኢንጂነሩ፦ ተጠየቅክ?

ጋጋሪው፦ አልተጠየቅኩም።

ኢንጂነሩ፦ እንግዲያው። ደግሞ ይሄንንም እወቅ፦ ጥምቀት በውሃ ብቻ ነው። በወተት አይሆንም፣ በወይን አይሆንም፣ በሾርባ አይሆንም።

ጋጋሪው፦ በሻይስ?

ኢንጂነሩ፦ (በአዘኔታ እያየው) እህቴን ግን ምን አይታብህ ነው ያገባችህ?

(ቴርሞሱን ከፍቶ ገንዳው ውስጥ ይደፋዋል። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያራግፈዋል፤ ግማሽ ሥራ አይወድም። ሁለቱም አጎንብሰው ያያሉ።)

ጋጋሪው፦ ልጠይቅ?

ኢንጂነሩ፦ ጠይቅ።

ጋጋሪው፦ ውሃው ለምን ቀላ?

ኢንጂነሩ፦ ዝገት ነው። ሙቅ ውሃ የቆየ ዝገት ሲያገኝ ይፈታዋል።

ጋጋሪው፦ ገንዳው ድንጋይ አይደለም እንዴ?

ኢንጂነሩ፦ ድንጋይም ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። በዓይን አይታይም፤ ሙያ ይጠይቃል።

ጋጋሪው፦ ዝገት ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል?

ኢንጂነሩ፦ የቆየ ሲሆን።

(ኢንጂነሩ ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል። ደግሞ ይቀምሳል። ፊቱ ልክ የሰው ቤት ቧንቧ ፈትቶ መልሶ መግጠም ሲያቅተው እንደሚሆነው ሆነ።)

ኢንጂነሩ፦ ስኳር አለው።

ጋጋሪው፦ አራት ማንኪያ።

ኢንጂነሩ፦ ይሄ... ሻይ ነው?

ጋጋሪው፦ ሻይ ነው። ለእንግዶቹ ነበር።

(ኢንጂነሩ ኮቱን ወርውሮ ገንዳው ሥር ይንበረከካል። ከውጭ ላየው የሚጸልይ ይመስላል። ከኪሱ ባወጣው የቧንቧ መፍቻ ውሃ መውጫውን መታ መታ ያደርጋል፤ ሲሚንቶው አይነቃነቅም። በሕይወቱ እንደዚህ ጥሩ አድርጎ የጠገነው ነገር የለም።)

ጋጋሪው፦ ይከፈታል?

ኢንጂነሩ፦ የእኔ ሥራ አይከፈትም።

ጋጋሪው፦ አሁን ምን ልታደርግ ነው?

ኢንጂነሩ፦ (የቴርሞሱን ክዳን እየነከረ) ልጠጣው ነው።

(አንድ ይጠጣል፤ ሁለት፤ ሦስት። ገንዳው ምንም አልጎደለም። በአራተኛው ተስፋ ቆርጦ ገንዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል።)

ኢንጂነሩ፦ አለቀልኝ። እህቴ ይሄን ካየች ልጅቷን ባለ ክራባቱ ያነሳታል።

ጋጋሪው፦ ክራባቱ የተውሶ ነው።

ኢንጂነሩ፦ አንተ እንዲህ ቀልል ይልሃል፤ አባት ነህ። እኔና ሚስቴ አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቀን ልጅ አልመጣልንም። ይህቺ ልጅ በተወለደች በማግስቱ ትንሿን ጣቴን ጨብጣ አለቅም አለች። ሥራ ነበረብኝ፤ የሰው ቤት ውሃ ፈሶ እየሞላ እኔ እዚያው ቁጭ አልኩ። ክርስትና አባቷ ከሆንኩ ሰው ሲጠይቀኝ «ልጅ አለችኝ» እላለሁ። ካልሆንኩ ቧንቧ ሲበላሽ የሚጠራ አጎት ነኝ።

(ጋጋሪው ጥቂት ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አጠገቡ ወለሉ ላይ ይቀመጣል።)

ኢንጂነሩ፦ ምን ይሻለኛል? ንገረኝ እንጂ፣ ምነው ዝም አልክ?

ጋጋሪው፦ አሁን ጠየቅከኝ?

ኢንጂነሩ፦ ጠየቅኩህ!

ጋጋሪው፦ አባ ዛሬ በዚህ ገንዳ አያጠምቁም። ሐሙስ ዕለት ነግረውኛል። አንተ ከደፈንከው ወዲህ ውሃው ስለማይቀየር፣ መሠዊያው ሥር በሳህንና በማንቆርቆሪያ ነው የሚያጠምቁት። ሁለተኛው ሰማያዊ ቴርሞስ፣ ውሃ ያለበት፣ አባ የሚለብሱበት ክፍል ነው ያለው፤ ጠዋት እኔው ራሴ ወስጄ ሰጠኋቸው። ለብ አድርገውታል።

(ኢንጂነሩ የቴርሞሱን ክዳን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል።)

ኢንጂነሩ፦ ይሄን ሁሉ ታውቃለህ?

ጋጋሪው፦ አውቃለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ከመድፋቴ በፊትም?

ጋጋሪው፦ ከመድፋትህ በፊትም።

ኢንጂነሩ፦ እና ዝም ብለህ አየኸኝ?

ጋጋሪው፦ ጣሪያው ቢደረመስ እንኳ አልክ። ጣሪያው ደግሞ ደህና ነው።

(ቄሱ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ይወጣሉ። ሁለቱ ተፍ ተፍ ብለው ይነሳሉ። ኢንጂነሩ ገንዳውን በጀርባው ለመከለል ይሞክራል፤ ገንዳው ግን ከእሱ ይሰፋል። ቄሱ አየሩን ያሸታሉ።)

ቄሱ፦ ገንዳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ኢንጂነሩ፦ ዝገት ነው፣ አባ። የቆየ ዝገት።

ቄሱ፦ (ወደ ጋጋሪው ዞረው) ምንድን ነው?

ጋጋሪው፦ ሻይ ነው፣ አባ። ቀረፋ አለው።

(ቄሱ ገንዳውን፣ የተከፈተውን ቴርሞስ፣ በኢንጂነሩ ጉልበት ላይ ያለውን አቧራ በተራ ያያሉ። አይደንቃቸውም፤ በዚህች ከተማ ሃያ ዓመት አገልግለዋል። በዚህ መሃል በሩ ይከፈትና እናትየው ልጇን ታቅፋ ትገባለች። ባለ ክራባቱ ከኋላዋ ሆኖ ክራባቱን ያስተካክላል። ሕፃኗ ነቅታለች፤ አላስነጠሰችም።)

ቄሱ፦ እንጀምር። የሕፃኗ የክርስትና አባት ማን ነው?

(ኢንጂነሩ አፉን ከፍቶ ይዘጋዋል። ሻዩን ያስባል፣ ሲሚንቶውን ያስባል፤ ወለሉን እያየ ይቀራል። ባለ ክራባቱ ጉሮሮውን ይጠርጋል።)

ቄሱ፦ ማን ነው?

ጋጋሪው፦ (ልጅቷን ከሚስቱ ተቀብሎ ኢንጂነሩ ክንድ ላይ እያስቀመጠ፣ በጆሮው) ጋሼ፣ ተጠየቅክ እኮ። ሲጠየቁ ይመለሳል።