ሊቀ መራግያን ወልደ ሐዋርያት እና አልሄድ ያለው እንግዳ

ሥራ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አለበት፤ ቤታችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው መሣሪያውን ሳይሆን ከሱ በፊት የሠራውን ሰው ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ከማጠቢያው ሥር ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። የመብራት ሠራተኛው ገመዱን አይቶ ያማትባል። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ "ወይ ጉድ! ይሄን ሰው ነው የቀባው?" ይላል። በዚህ በሽታ ግን እንደ ሽንቁር መራጊ የተለከፈ ፍጥረት ከፀሐይ በታች የለም።

ሽንቁር መራጊ ደግሞ ምንድነው የሚል ካለ፣ ከየካ ርቆ የሚኖር ሰው መሆን አለበት። እኛ ዘንድ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቁልቁል በሚያየን ሰፈር፣ አየሩ አንዳንዴ እንዳረጀ ነጠላ ይሳሳና ይቀደዳል። ከቀዳዳው ማዶ ሌላ ዓለም አለ፤ ከዚያም እንግዳ ይመጣል። ቀንዳሙ፣ ጠጉራሙ፣ የሚንሳፈፈው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስነጥሰው፣ ዓይነታቸው ብዙ ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ችግሩ አለመሄዳቸው ነው። ስለዚህ መራጊ ይጠራል። መራጊው የሽኝት ድጋሙን እየደገመ እንግዳውን አባብሎ ይሸኘዋል፤ ከዚያ ሽንቁሩን ከእንጦጦ በወረደ ቀይ አፈር፣ ከጭድ ጋር ተረግጦ በቦካ ጭቃ ይመርገዋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

የእኛ ሰፈር መራጊ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። "ሊቀ መራግያን" ብለን የሾምናቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን በክብር ተቀብለው አረፉት። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅም አልወለዱም። አፈራቸውን በማዳበሪያ ተሸክመው ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ ሽንቁሩን ትክ ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ያቺ ቃል ትወጣለች። "ይሄን ማነው የመረገው?"

አንድ ጊዜ ወሰን ሰፈር፣ ሀብቶም ጋራዥ ውስጥ፣ በክሪክ ከተነሳ ሚኒባስ ሥር ሽንቁር ተከፈተ። ጋሼ በጀርባቸው ተንሸራተው ገቡ። ድምፃቸው ከሥር መጣ። "ይሄን ማነው የመረገው? ጭዱ እኮ አልቦካም! እጁ ይቆረጥ አልልም፤ ግን ማንኪያም ባይዝበት ይሻላል!" ሀብቶም መፍቻውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ "እርስዎ ነዎት እኮ ጋሼ፤ አምና፣ ለፍልሰታ" አላቸው። ጋሼ የድሮውን ምርጊት መፋቅ ጀመሩ። ቆይቶ ቆይቶ "ያኔ ልጅነት ነበረብኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሊቀ መራግያን አምናም ሽበታም ነበሩ።

የሰዓታቸው ነገርማ አይነሳ። ሲደወልላቸው "ደርሻለሁ፣ ላምበረት መናኸሪያ ነኝ፣ አውቶቡስ መንገድ ዘግቶብኝ ነው" ይላሉ፤ ከጀርባቸው የገዛ ጓሯቸው አውራ ዶሮ ይጮሃል። ጎረቤታቸው ሸዋረጋ አንድ ቀን አላስችል ብሏት "ጋሼ፣ መናኸሪያው ዶሮም ማሳፈር ጀመረ እንዴ?" ብትላቸው፣ "ዘንድሮ የማይሳፈር ምን አለ ብለሽ ነው!" ብለው ስልኩን ጠረቀሙት።

ሸዋረጋ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ባለፈው ጥር የደወለችላቸው። ምን ታድርግ! ናዝሬት የምትባለው አንድያ ልጇ ልትዳር ሳምንት ሲቀራት፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ግቢ መሀል ላይ ሽንቁር ተከፈተ። ከውስጡ አንድ እንግዳ ወጣ። ሲመጣ ድመት ቢያህል ነው፤ ጠጉሩ እንደ ረጠበ በርኖስ፣ የጉልበቶቹ ቁጥር ከሚያስፈልገው በላይ የበዛ፣ ዓይኑ ግን የዋህ። ከሮቶው ጥላ ሥር ተደላድሎ ተቀመጠና የልብስ መቆንጠጫ ይቆረጥም ጀመር።

ሙሽራው ቢንያም ደህና ልጅ ነው፤ የቢሮ ሰው ስለሆነ ግን ፕላን ይወዳል። "ማሚ፣ ምንም አታስቢ" አላት። "እስከ ዓርብ ካልሄደ ሠርጉን አዳራሽ እናደርገዋለን። ኦልሬዲ አናግሬያቸዋለሁ። ፓርኪንግም አለው።" ሸዋረጋ ፓርኪንግ አልነበረም ያሳሰባት። ሟቹ ባሏ ያንን ግቢ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየለቀመ ያስተካከለው "ልጄን የምድራት እዚህ ነው" እያለ ነው። እሱ ሳያየው ቀረ፤ ልጂቱም ከአባቷ ደጅ ካልወጣች ሸዋረጋ ምን ብላ ትጽናና? አዳራሽ የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር መጥረጊያ አንስታ ግቢውን ትጠርግ ነበር።

ጋሼ ሰኞ መጡ። ማዳበሪያቸውን አወረዱ፣ ባርኔጣቸውን ገፉ፣ በድሮው ምርጊት ስንጥቅ ላይ ጣታቸውን ሰደዱ። "ይሄን ማነው የመረገው?" ሸዋረጋ ማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች፤ ናዝሬት አንቀልባ ላይ ሳለች ጀምሮ በዚያ ግቢ ከሳቸው በቀር ጭቃ የነካ የለም። "እኔ እንጃ ጋሼ" አለች። "አንድ ሰነፍ ነው" አሉ ጋሼ በሐዘኔታ።

ከዚያ ሕጉን ነገሯት። የሽኝት ሕግ አንድ ነው፤ እንግዳው "ልሂድ" ሲል በግቢው ካለው ሰው ማንም "ቆይ" እንዳይለው። "የማዶ ሰው ይሉኝታ አያውቅም፣ ያሉትን ያምናል። ቆይ ካልሽው ይቆያል። ደስ ብሎትም ይፋፋል። ገባሽ?" "ገባኝ" አለች ሸዋረጋ።

ጋሼ ድጋማቸውን ጀመሩ። እንግዳው ጆሮውን አቀና፣ መቆንጠጫውን አስቀመጠ፣ ጠጉሩን አራግፎ ብድግ አለ። ባማረ አማርኛም "በሉ እንግዲህ፣ እኔም ልሂድ" አለ።

"ኧረ በሞቴ! ምን ያስቸኩልሃል? እህል ሳትቀምስ?" አለች ሸዋረጋ።

"እውነትሽን ነው?" አለ እንግዳው፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። እዚያው እያዩት በግ አከለ።

"ሸዋረጋ!" ጋሼ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ወረወሩት።

"አፌ ነው ጋሼ! እኔ መች አልኩ!"

"እሱን አፍሽን አስቀድሜ መመረግ ነበረብኝ!"

ረቡዕ ደገሙት። ሸዋረጋ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። እንግዳው "በሉ እንግዲህ" ብሎ ሊነሳ ሲል የግቢው በር ተከፈተና ጎረቤቷ ዲንቄ ድፎ ዳቦ ይዛ ዘው አለች። "ውይ! እኔ ስመጣ ልትሄድ ነው? ጠልተኸኝ ነው አይደል?" አለችው። "ኧረ በፍጹም!" አለ እንግዳው ደንግጦ፤ ቁጭ አለ፣ ዳቦውንም በላ። ማታ ወይፈን አክሎ ግማሽ ግቢውን ይዞታል። ድንኳን ተካዮቹ መጥተው አይተውት፣ ብረታቸውን በር ላይ ቆልለው "ሲሄድ ደውሉልን" ብለው ሄዱ።

ሐሙስ ናዝሬት እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። "እማዬ፣ አዳራሹ ቢሆንስ? እኔ ግድ የለኝም እኮ።" ሸዋረጋ ግን የልጇን ፊት አይታ ግድ እንዳላት አወቀች። ተነስታ ለእንግዳው ውሃ ሰጠችው። ጋሼ ከጥግ ሆነው ጭቃቸውን እየረገጡ ይህን ሁሉ ሰሙ። ያን ቀን ማንንም ሳይሰድቡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓርብ ጋሼ በሰዓታቸው መጡ። ሸዋረጋ የሰው መርዶ ይዘው የመጡ መስሏት ደረቷን ያዘች። እሳቸው ግን የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀሩ፣ ናዝሬትን ቤት አስገብተው ዘጉባት፣ ለሸዋረጋም ውሃ በጣሳ አቀረቡላት። "ጉረሺው። እስክልሽ ድረስ እንዳትውጪው።" ሸዋረጋ ጉንጯን ነፍታ ቆመች።

ድጋሙ ረዘም አለ። እንግዳው በመጨረሻ ተነሳ፤ ጥላው ቤቱን ሸፈነው። "በሉ እንግዲህ ልሂድ" አለ። ወደ ሸዋረጋም ቀረብ ብሎ ያንን ትልቅ ራሱን ዝቅ አደረገ። "እናቴ፣ አስቸገርኩሽ። ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ እንዳንቺ ቆይ ያለኝ የለም። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።"

ሸዋረጋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ውሃውንም ዋጠችው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ዘለው ያንን ቀይ ጭቃ የተለቀለቀ መዳፋቸውን አፏ ላይ ደፈኑባት። እንግዳው ቆሞ ጠበቀ። እሷን አየ፣ ጋሼን አየ፣ የተዘጋውን በር አየ። የሚለምነው ሰው ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ በሽንቁሩ ገባ።

ጋሼ ጊዜ አልሰጡም፤ እየመረጉ እየደገሙ፣ እየደገሙ እየመረጉ ዘጉት። ሸዋረጋ አፏን በነጠላዋ እየጠረገች ጮኸችባቸው። "ምን ዓይነት ሥራ ነው ያለዎት! እንግዳ እንደዚህ ይሸኛል? ደህና ሁን እንኳን ሳይባል! ሆድዎ ድንጋይ ነው!"

"ለዚህ እኮ ነው መራጊ የሚጠራው" አሉ ጋሼ ጀርባቸውን እንደሰጧት። "ባለቤት አይችለውማ።"

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። እሑድ ግቢው ጢም አለ። ቢንያም መኪናዎቹን ከላይኛው መንገድ እስከ ታች በሥርዓት አሰልፎ ደስ ብሎታል። ጋሼ የናፍታሊን ሽታ ያለው ኮት ለብሰው ከአዲሱ ምርጊት አጠገብ ተቀመጡ፤ ዶሮውን በሉ፣ ጠጁንም አልናቁትም፣ ለጎረቤቶቻቸውም የድንኳኑ ብረት ጠማማ መሆኑን አስረዱ።

ከዚያ ያች ሰዓት ደረሰች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሚዜዎቹ ሞተር አስነሱ፣ ጭብጨባው ደራ። ናዝሬት የእናቷን ጉልበት ስማ ቀና አለችና "በሉ እንግዲህ እማዬ፣ እንሂድ" አለች።

ሸዋረጋ ሳምንቱን ሙሉ ለዚህች ቃል ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። ልጂቱ እያለቀሰች እንዳትሄድ፣ እግሯ እንዳይከብድ፣ አፏን ዘግታ ልትሸኛት ለራሷ ምላለች። ከንፈሯን ገጠመች፣ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት፣ ለቀቀቻት። አንድም ቃል አልወጣትም። ኩራት ተሰማት፤ ቤቷ ግን ከወዲሁ ባዶ መሰላት።

"ምን ያጣድፋችኋል!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጭብጨባው ቆመ። ሁሉም ዞር አለ። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘውታል። "ፀሐይዋ ገና ናት እኮ! ልጅቱስ መች እህል ቀመሰች? ከጠዋት ጀምሮ ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ! ትንሽ ቁጭ ብትል ምን አለበት?"

"ጋሼ!" አለች ሸዋረጋ፤ መሳቅም ማልቀስም አማራት። "እርስዎ ነዎት ይሄን የሚሉት? ሕጉስ?"

"ሕጉ ለማዶ ሰው ነው" አሉ ጋሼ በቁጣ፣ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ። "ይቺ የኛ ናት።"

ቢንያም ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ጋሼን አየ፤ ለሚዜዎቹ በእጁ ምልክት ሰጠና ሞተሩ ጠፋ። ናዝሬት ቬሎዋን ሰብስባ ተመለሰችና በእናቷና በጋሼ መሀል ተቀመጠች። ትሪው ቀረበ። ሸዋረጋ እጇን ታጥባ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች፤ ልጇ አፏን ከፍታ ስትጠብቅ አልፋት፣ መጀመሪያ ጋሼን አጎረሰቻቸው።