ከሟች አማቴ ጋር ስፎካከር

በዓለም ላይ ካሉ ባሎች ሁሉ አንጀቴን የሚበላው የሚስቱ አባት የሞተበት ባል ነው። በሕይወት ያለ አማት ያረጃል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» ይላል፤ ቴሌቪዥን እያየ ያንኮራፋል፤ ቀስ በቀስ እንደ እኛው ሰው ይሆናል። የሞተ አማት ግን በየዓመቱ እየጎበዘ ነው የሚሄደው።

የአባቷ ልጅ የሆነች ሴት በየሰፈሩ አለች፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ወሬው ስለ ዝናብም ይሁን ስለ ጥርስ ሕመም፣ መጨረሻው አባቷ ጋ ነው። የኔዋ የምትጀምረው «አባዬ ቢሆን ኖሮ» ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት አያስፈልግም፤ አባዬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ድሮ ተሠርቶ ያልቅ ነበር።

ጉዳዩን የሚያከብደው ክቡር አማቴ ተራ ሰው አለመሆናቸው ነው። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሻምበል ነበሩ። የሌላው ሰው ሚስት አባት ጸሐፊ ወይም ነጋዴ ይሆናል፤ ማንም አይደነግጥም። የኔዋ አባት ግን በጦርነቱ ጊዜ ክንፉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ አውሮፕላን ሜዳ ላይ አሳርፈው፣ ወርደው ሲጋራ የለኮሱ ሰው ናቸው። ጦርነቱ አልቆ፣ ጡረታ ወጥተው፣ አልጋቸው ላይ በሰላም ያረፉት እኔ ልጃቸውን ከማወቄ በፊት ነው። አንድም ቀን ተያይተን አናውቅም። ፎቷቸው ግን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ የራስ ቁራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ቁልቁል ያዩኛል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ከፍታ እፈራለሁ። የመድኃኒት ቤቴ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የምታወርደው ረዳቴ ናት፤ እሷ ካልመጣች ደንበኛው ነገ ይመለሳል። የአብራሪ ልጅ እንዴት እኔን እንዳገባች ዘመዶቿ ዛሬም ይጠይቃሉ፤ እኔም እጠይቃለሁ።

አምፖል ተቃጠለ እንበል። መሰላሉን አቆማለሁ፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ መሰላሉን አቅፌ እቀራለሁ።

«ወደ ታች አትመልከት» ትላለች ከሥር ቆማ።

«አልተመለከትኩም!»

«አባዬ ቢሆን ኖሮ እያፏጨ ነበር የሚወጣው።»

«አባትሽ ሞተር ነበራቸው!» እላለሁ መሰላሉን እንዳቀፍኩ።

ባለቤቴ መኪና ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ስለዚህ ክቡር ሻምበል የሚኖሩት እኛ ቤት ብቻ አይደለም። የከተማው ግማሽ የሚነዳው በእሳቸው ምክር ነው። አንዷ ተለማማጅ ወደ ኋላ ስትነዳ የማሠልጠኛውን አጥር ገጭታ ማልቀስ ስትጀምር፣ «አባዬ በተበሳሳ ክንፍ አርፏል፤ አንቺ አራቱም ጎማ እያለሽ ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት። ልጅቷ ፈተናውን ስታልፍ መድኃኒት ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የቲቸርን አባት ሰላም በሉልኝ፤ የእሳቸው ነገር ነው ያሳለፈኝ» አለችኝ።

«አደርሳለሁ» አልኳት። ምን ልበል?

ባለፈው ወር ጡረተኛ አብራሪዎች የሞቱ ጓደኞቻቸውን የሚያስቡበት ቀን አዘጋጅተው ጠሩን። ቦታው ድሮ አውሮፕላን ይጠገንበት የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ከየቤተሰቡ አንድ ሰው ስለ ሟቹ ጥቂት ይናገራል። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች፤ ክንፉን፣ ሜዳው ላይ ማሳረፋቸውን፣ ሲጋራውን እኔ ራሴ በቃሌ ያዝኩት። ጠዋት ክራባቴን እያስተካከለች፣ «ዛሬ እዚያ ሰው ፊት ስለ መሰላሉ እንዳታወራ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ መጡና ባለቤቴን ትኩር ብለው አዩዋት።

«የሻምበል ልጅ ነሽ አይደል? አፍንጫው ቁጭ!» አሉ። የአባቷን አውሮፕላን ይጠግኑ የነበሩ መካኒክ ናቸው። ባለቤቴ በደስታ ብድግ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና ስለዚያ ክንፍ ጠየቀቻቸው።

«ክንፉንስ እኔው ደፈንኩት» አሉ እየሳቁ። «እኔ የማልረሳው ቀበቶውን ነው።»

«የምን ቀበቶ?»

«የመቀመጫውን ነዋ። ሊነሳ ሲል ክንፉ ላይ ቆሜ የማስርለት እኔ ነበርኩ። አስሬ ልወርድ ስል ‹ላልቷል› ይለኛል። አጠብቃለሁ። ‹አሁንም ላልቷል፣ እንደገና።› ቀበቶው እኮ አልላላም፣ የኔ ልጅ! እኔ እንድወርድ አልፈለገም። ሁሌም ይፈራ ነበር። ከዚያ ‹በቃ ውረድ› ይለኛል። ይሄዳል።»

እውነቱን ልናገር፤ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ክቡር ሻምበል እንደ እኔው! ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ የኖርኩት ሰውዬ እንደ እኔው! ወደ ባለቤቴ ዞር ስል ግን ደስታዬ ጠፋ። ፊቷ አመድ መስሏል። በዚያው ቅጽበት ተራዋ ደረሰና ተጠራች።

«ከከበደሽ እኔ ልናገርልሽ» አልኳት። እጄን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመች። ክንፉን አላነሳችም። ሲጋራውንም አላነሳችም።

«ትንሽ ልጅ ሆኜ፣» አለች፣ «አባዬ ወደ ሥራ የሚሄድ ቀን በር ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እንዳስርለት ይጠራኝ ነበር። አስራለሁ። ‹ላልቷል፣ እንደገና› ይለኛል። ፈትቼ አስራለሁ። ‹አሁንም ላልቷል።› እማዬ ‹ኧረ መኪናው እየጠበቀህ ነው!› እያለች ትጮሃለች። እኔ ጫማ ማሰር እያስተማረኝ ነበር የሚመስለኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እያስተማረኝ ነበር የሚመስለኝ።»

ወደ ቦታዋ ስትመለስ ደረታቸው በሜዳሊያ የተሞላ ሽማግሌዎች ሁሉ አቀርቅረው ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ወትሮው የነዳችው እሷ ናት። አንድ ታክሲ ድንገት ፊታችን ሲገባ እንኳ አባቷን አልጠራችም። ፈራሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ዝም በሉልኝ ስላቸው የኖርኩት ሰውዬ ዝም ሲሉ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መንገድ ላይ ጥለን የመጣን መሰለኝ።

«ወደድኳቸው» አልኩ በመጨረሻ።

«ማንን?»

«አባትሽን። የምንግባባ ይመስለኛል። ሳላውቃቸው በመቅረቴ ቆጨኝ።»

ቀይ መብራት ላይ ቆመች። እንባ ባቀረረ ዓይኗ ዞራ፣ አጥር የገጨ ተለማማጅ እንደምታይ አድርጋ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ጠዋት ማታ ስለፈልፍ ምን እያደረግኩ ይመስልሃል? ላስተዋውቃችሁ እኮ ነው!»